የአክስቴ የፊት በር

በዌልስ ምድር እንደ እኔ ቧንቧ የሚጠግን ሰው አልተወለደም፤ ተወልዶም ከሆነ እናቱ ደብቃዋለች። የመንደሩ ሰው «ሜይሪግ ቧንቧው» ይለኛል። ማዘጋጃ ቤቱን ብቻዬን የገጠምኩት ግን በቧንቧ ሳይሆን በአክስቴ ቤት ነው።

አክስቴ ግዌንሊያን ቤቷን ለእኔ ስትተው አንድ ቃል አስገብታኛለች፦ «ለበጋ ሰዎች እንዳትሸጠው።» የበጋ ሰዎች የምንላቸው ፀሐይ ስትወጣ መጥተው ጀልባቸውን የሚያጥቡ፣ ብርዱ ሲመጣ ደግሞ መስኮታቸውን አጨልመው የሚሄዱ፣ መንደሩንም ጥርሱ እንደረገፈ ሽማግሌ የሚያስመስሉት ናቸው። አልሸጥኩም። አላከራየሁትምም፤ ለአክስቴ ምድጃ የሚመጥን ሰው ከየት ይመጣል?

ማዘጋጃ ቤቱ ታዲያ ሰው በማይኖርበት ቤት ሁሉ ላይ ግብሩን እጥፍ ድርብ አደረገው። ያንን ልክፈል ብል አቅም የለኝም፤ ካልከፈልኩ መሸጥ ነው፤ ከሸጥኩ አክስቴ ከመቃብሯ ተነሥታ ጆሮዬን ትቆነጥጠኛለች። ስለዚህ «እኖርበታለሁ» አልኩ።

ይህን የምታጣራ ተቆጣጣሪ በምትመጣበት ጠዋት ከጭስ ማውጫው የለቀቅኩት ጭስ ደብሊን ድረስ ሳይታይ አልቀረም። ገመድ ላይ ያሰጣሁት የውስጥ ሱሪ መርከብ ይነዳ ነበር። ኤርጋይን የምትባል ወጣት ከማዘጋጃ ቤት መጣች፤ እንደ ማንኛውም ሰው በጓሮ ዞራ በወጥ ቤቱ በር ልትገባ ስትል፣

«ኧረ ልጄ፣ የመንግሥት ሰው በእኔ ቤት በጓሮ አይገባም» አልኩና የፊቱን በር በትከሻዬ መታሁት። እርጥበት ያሳበጠው በር ነው፤ አሥር በሬ ቢጠመድ አይከፍተውም። እኔ ከፈትኩት። ተራራው ተንቀጠቀጠ።

በእኛ መንደር የፊት በር የሚከፈተው ለሬሳና ለሙሽራ ብቻ ነው። ሻይ እንኳ ሳልቀዳ ጎረቤቱ ሁሉ ባርኔጣውን አውልቆ ደጄ ላይ ቆመ። ከፊት በጥቁር ካፖርት የመጣችው ቴግወን ናት፤ እኔ የማድርበት የራሴ ቤትና የእሷ ቤት በአንድ ግድግዳ ነው የሚለዩት። የልጅ ልጇ ኔስታ ከኋላዋ አንድ ሰሃን ሳንድዊች ይዛለች።

«ማን ነው የሞተው?» አለች ቴግወን።

«ማንም አልሞተም፣ እትዬ ቴግወን። እዚህ እየኖርኩ ነው።»

«አንተ? ትናንት በግድግዳዬ በኩል ሲያንኮራፋ ያደረው ታዲያ ማን ነው?»

«የእኔ ማንኮራፋት ሩቅ ይሰማል።»

«መሐል ላይ እኮ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ አንተ ሰውዬ። ደግሞ ይሄ በር ግዌንሊያን በሣጥን ከወጣችበት ወዲህ ተከፍቶ አያውቅም።»

ኤርጋይን ሳቋን በከንፈሯ ያዘችው። «ጋሼ ሜይሪግ፣ እኔም የማዶው መንደር ልጅ ነኝ። ቤቱ ውስጥ የሚኖር ሰው ይህን በር አይከፍትም። ወይ ሰው ይግባበት፣ ወይ ግብሩ ይከፈል።»

በሩን ልዘጋ ገፋሁት። እምቢ አለ። እንዲያው ያለ ምክንያት የተከፈተ የፊት በር ሬሳ ይጠራል ይባላል፤ የቆመው ሰው እርስ በርሱ ተያየ፣ ከዚያ ሁሉም እኔን አየ።

ያን ጊዜ ዓይኔ ኔስታ ላይ ዐረፈ። ያገባችው በፀደይ ነው። የሚከራይ ቤት ስላጣች ከባሏ ጋር በአያቷ ማሳ ላይ ተጎታች ቤት ውስጥ ትኖራለች፤ በማንም በር ሙሽራ ሆና አልገባችም።

«ኔስታ፣ ያ ተጎታች ያፈሳል?»

«ከውጪው ይልቅ ውስጡ ነው የሚዘንበው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ግቢ። በዚሁ በር።»

«ለሻይ?»

«ለኑሮ።»

አያቷን አየች። «ምን ትጠብቂያለሽ?» አለች ቴግወን። «ሐሳቡን ሳይለውጥ ግቢ እንጂ።»

ኔስታ ሰሃኑን እንደያዘች ደፉን ተሻገረች። ሰዉ ባርኔጣውን መልሶ አጠለቀ። ኤርጋይን ሁለት ሳንድዊች በልታ ሄደች።

ኪራዩን የወሰነችው ቴግወን ናት፤ ሐሳቡ ግን ከመጀመሪያውም የእኔ ነበር። ያ ተጨማሪ ግብርም ከአክስቴ ቤት ላይ ተነሣ፤ ማዘጋጃ ቤቱን አንበርክኮ የመለሰ ሰው በአገሩ ካለ ስሙን ንገሩኝና ከእኔ ጋር እናስተያየው። በሩን ጠርቤ ዘጋሁት። ኔስታ አሁን እንደ ሰው ሁሉ በጓሮ ትገባለች።