ስምንት ሺህ ተንሳፋፊ ሰዎች

ሥራ አስኪያጁ ስምንት ሺህ ሰው ገዝቶ የመጣ ዕለት ከደስታው ብዛት ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ነው ወደ ዲዛይን ክፍል የገባው። ሰዎቹ ያሉት መዳፍ በማትሞላ ዲስክ ውስጥ ነበር። ሁሉም ፎቶግራፎች ናቸው፤ ከጀርባቸው የነበረው ግድግዳ፣ መንገድና ሰማይ ተቆርጦ ወጥቶ ሰውየው ብቻ የቀረባቸው። አንዱን ጎተት አድርጎ ያሻውን ቦታ መለጠፍ ነው፤ ሆስፒታልም ይሁን ጎማ መሸጫ።

«ስምንት ሺህ ሠራተኛ ነው ያመጣሁልሽ» አላት ዲዛይነሯን። «ደሞዝ የለ፣ የዓመት ፈቃድ የለ። ከእንግዲህ ካሜራሽን ቆልፊበት።»

ዲዛይነሯን ማተሚያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ምላጭ ነው የሚሏት፣ በምላሷ ምክንያት። ዲስኩን ከፍታ አሥር ደቂቃ ያህል አገላበጠችና «እነዚህ ሰዎች ምን ነክቷቸው ነው?» አለች።

ምንም አልነካቸውም፤ የሚያስጠላውም እሱ ነበር። ፀሐይ አልነካቸው፣ አቧራ አልነካቸው፣ አማት አልነካቸው። ሐኪሙ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይስቃል። ግንበኛው ሲሚንቶ አይቶ የማያውቅ ቆብ ደፍቶ ይስቃል። አንዷ ባዶ ካርቶን ተሸክማ ትንፈቀፈቃለች፤ ካርቶኑ ምን እንዳላት እግዜር ይወቅ። አንደኛው ደግሞ ከሌላ ሰው ተነጥሎ ሲቆረጥ በችኮላ ነው መሰለኝ፣ የማን እንደሆኑ የማይታወቁ አራት የጣት ጫፎች ትከሻው ላይ ቀርተውበታል። እሱም ይስቃል። ጥላ የላቸው፣ የቆሙበት መሬት የላቸው፤ ምላጭ «ተንሳፋፊዎቹ» ብላ ስም አወጣችላቸው።

ከስምንት ሺው ሥራ አስኪያጁ የወደደው ሁለቱን ብቻ ነበር። አንዷ ወይዘሮ ጥርስ ናት። በአንድ ወር ውስጥ የጥርስ ሐኪም፣ የመኪና መንዳት ተማሪ፣ የሳሙና ደንበኛና የሒሳብ አስተማሪ ሆነች፤ ያን ሁሉ ሙያ ቀሚሷን ሳትቀይር። ሌላው ክንደ እጥፍ ነው፤ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ ዓለምን ሠርቶ የጨረሰ ይመስል አገጩን ቀና አድርጎ የቆመ ሰውዬ። ምላጭ ሁለቱንም በየቀኑ ትለጥፋለች፤ እንጀራዋ ነውና። እየለጠፈችም ትሰድባቸዋለች። ደንበኞቹንም ትሰድባለች፤ ስለ ራሳቸው ሱቅ የሌላ ሰው ጥርስ ሲመሰክር «ዋው!» የሚሉትን።

ማተሚያ ቤቱ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ሆነና ሥራ አስኪያጁ ለየመሥሪያ ቤቱና ለየደንበኛው የሚላክ ፖስተር አዘዘ፤ አምስት መቶ ቅጂ። «ሠራተኞቻችንን የሚያሳይ ይሁን» አለ።

«የትኞቹን ሠራተኞቻችንን?»

«ክንደ እጥፍን መሃል አድርጊው።»

የዚህን ጊዜ ነው ምላጭ የምር የተናደደችው። ምድር ቤት፣ የወረቀት መቁረጫው ማሽን ጋ፣ ሃያ ሰባት ዓመት የቆመ ሰው አለ። አባቷ ነው። ከዚህ ቤት የወጣ መጽሐፍ፣ ደብተር፣ የሠርግ ጥሪ ሁሉ ጠርዙ የተስተካከለው በእሱ እጅ ነው። ወሩ ሲያልቅ ጡረታ ይወጣል። ሲወጣም እንደ ሌሎቹ አንድ ደብዳቤና አንድ የግድግዳ ሰዓት ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ማን ነበር ቢባል የሚያስታውሰው የለም። እሷ ግን ፊቱን በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ልትሰቅለው ቆርጣ ተነሣች።

አባቷ ከግራ እጁ ሁለት ጣት የለውም። እሷ የአራት ዓመት ልጅ ሳለች ማሽኑ ወስዶበታል። ቤታቸው ባሉት ፎቶዎች በአንዱም ያ እጅ አይታይም፤ ወይ ኪሱ ውስጥ ነው፣ ወይ ከእሷ ከራሷ ጀርባ። ምላጭ ይህንን ከልጅነቷ ጀምራ ታያለች፤ ምክንያቱንም የማውቀው እኔ ነኝ ትላለች። ጥርስ የሚቆጥር ዓለም ነው ያሳፈረው።

ሥራ አስኪያጁን መለመን እንደማያዋጣ ታውቃለችና ክንዱን ይዛ መስኮት ጋ ወሰደችው። ከመንገዱ ማዶ ተፎካካሪያቸው ማተሚያ ቤት አዲስ ማስታወቂያ ሰቅሏል። ማስታወቂያው ላይ፣ እጆቹን አጣምሮ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ ክንደ እጥፍ ቆሟል።

ሥራ አስኪያጁ ደነገጠ። «እንዴ፣ እሱ የእኛ አይደል እንዴ?»

«አሁን እነሱ ጋ ገብቷል» አለች ምላጭ። «ደሞዝ አልከፈልነውም ነበርኮ።»

ሥራ አስኪያጁ ለግማሽ ቀን አኮረፈ፤ የተከዳ ነበር የሚመስለው። ከሰዓት በኋላ ጠራትና «በይ የራሳችንን አንሺ። ግን የሚያምር ይሁን» አላት። ምላጭ ከቢሮው ስትወጣ ከናቀቻቸው ሰዎች ሁሉ አብልጣ ናቀችው፤ ግን ደስ ብሏት ነበር።

በማግስቱ ካሜራዋን ይዛ ምድር ቤት ወረደች። ለአባቷ ምንም አልነገረችውም። ከነገርኩት ይገተራል አለች በልቧ፤ ይገተርና እንደ ተንሳፋፊዎቹ ይሆንብኛል። «ማሽኑን ላነሣ ነው» አለችው።

«አንሺው፤ ከእኔ በፊት የሚሄደው እሱ ነው ብዬ ነበር» አለና ሥራውን ቀጠለ።

ሥራ ላይ ሲሆን ሁሉንም ይረሳል። ወረቀቱን በቀኝ እጁ ደርድሮ፣ በግራው ከላይ ጫን አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ጠርዙን ሲያይ አነሣችው። ፎቶው ላይ ሁሉም ነገር ነበር፤ የማሽኑ ዘይት፣ ግድግዳው ላይ ያለው እድፍ፣ የመነጽሩ የታሰረ ክንድ። በስተቀኝ በኩል፣ ነጩ ወረቀት ላይ፣ ሦስት ጣት ያለው እጅ። ምላጭ ኮምፒዩተሯ ላይ አጉልታ ስታየው ዓይኗ እንባ አቀረረ። አሁን ይዩት አለች፤ እነዚያ ጥርሳሞች።

ፖስተሩ ታተመ። ከማተሚያው ሲወጣ አንዱን ወረቀት እንኳ አላነሣችም፤ ቀለሙን ኮምፒዩተሯ ላይ ልክ አድርጋዋለችና። እንደማንኛውም ሥራ ወደ ምድር ቤት ወረደ፣ በአራቱም ማዕዘን የመቁረጫ ምልክቱ ተደርጎለት። እዚያ የሚቆርጠው አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ ታውቃለች። ሲያየው እንዴት ይደሰት ይሆን እያለች አንድ ሙሉ ቀን ሥራ አልያዘላትም።

የተቆረጠውን ቀድሞ ያየው ሥራ አስኪያጁ ነው። አንዱን ቅጂ ዘርግቶ ይዞ መጣ። «አየሽ፣ ጠበብ ሲል እንዴት አማረበት» አላት።

ምላጭ አየችው። ፖስተሩ በስተቀኝ በኩል አንድ ስንዝር ጎድሏል። አባቷ አለ፣ ማሽኑ አለ፣ እድፉ አለ። ግራ እጁ ክርኑ ጋ ሲደርስ ወረቀቱ ያልቃል።

ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ደረጃውን በሩጫ ወረደችው። አባቷ ፖስተሮቹን መቶ መቶ አድርጎ እያሰረ ነበር።

«አባዬ፣ ምልክቱን ስተኸዋል።»

«አልሳትኩትም።»

«አምስቱንም መቶ?»

«አምስት ጊዜ ቆረጥኩ፤ መቶ መቶውን። አምስቱንም ጊዜ ምልክቱን አይቼዋለሁ።» ረጋ ብሎ ነበር የሚናገረው፤ የተቆጣም አይመስልም። የተቆረጠው ጠርዝ እግሩ ሥር ባለው መጣያ ውስጥ ተከምሯል፤ ከላይ ባለው ላይ እጁ ይታያል።

«እኔኮ ኮርቼብህ ነው» አለች። «ለምን ትደብቀዋለህ? ማንን ነው የምታፍረው? እነዚህን ባዶ ሰዎች?»

«ሰው አይደለም የማፍረው።» መነጽሩን አውልቆ በሽርጡ ጠረገው። «ሃያ ሰባት ዓመት ቆርጫለሁ፤ አንድ ቀን ነው የሳትኩት። ወሬ ይዤ። ጓደኛዬን እያሳቅሁ። ቆራጭ የሆነ ሰው ይህን እጅ ሲያይ ጀግና ነው አይልም፣ ዝርክርክ ነው ነው የሚለው። እውነቱን ነው። አንቺ ያን ሁሉ ቀን ትተሽ ያንን አንድ ቀን መረጥሽና አምስት መቶ ጊዜ አሳተምሽው።»

ምላጭ መጣያውን አየች። «ለምን እንዲህ ብለህ ነግረኸኝ አታውቅም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?»

ገመዱን ሳብ አድርጎ ቋጠረና ሌላውን መቶ አስጠጋ። ቀጥሎ የተናገረውን ወረቀቱን እያየ ነው የተናገረው።

«እነዚያ የምትስቂባቸው የዲስክ ሰዎች፣ ቁሙ ተብለው ነው የቆሙት። ሳቁ ተብለው ነው የሳቁት። ማን እንደሚያነሣቸው ያውቃሉ። እኔን ግን ማሽኑን ላነሣ ነው አልሽኝ።»

ለሰው ሁሉ የሚበቃ ንቀት ነበራት፤ ለሥራ አስኪያጁ፣ ለደንበኞቹ፣ ለስምንት ሺው። ለራሴ ይተርፈኛል ብላ ግን አስባ አታውቅም። አባቷን ከራሱ ሐሳብ ቆርጣ አውጥታ፣ የራሷ ንዴት ላይ ለጥፋዋለች። ወይዘሮ ጥርስን ሳሙና ላይ ከለጠፈችበት በምን ይለያል?

ካሜራዋን ከቦርሳዋ አወጣች። «እንደገና ላንሣህ? አንተ እንደፈለግኸው ቁም። እጅህን ኪስህ ክተተው፣ ዝም እላለሁ።»

አባቷ አሰበበት። የምር አሰበበት፤ አንዴ ማሽኑን፣ አንዴ በሩን አየ።

«አይ ልጄ» አለ። «መነሣት አልወድም።»

ከሠላሳ ዓመት በላይ ልጁ ሆና ይህንን አታውቅም ነበር። ካሜራውን መልሳ ከተተችና የገመዱን ጫፍ ያዘችለት።