መንገዱን የጠረግን ለት

ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱም ከዚያ ይጀምራል።

ከጉለሌ ተነስቶ በባሕር ዛፉ መሀል እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ የሚወርድ የእግር መንገድ ነበረን። እንጨት ለቃሚ በሱ ይወጣል፣ ገብስና ኩበት የጫነ አህያ በሱ ይወርዳል፣ ክርስትና የሚያስነሳው፣ ሬሳ የሚሸኘው፣ ከሚስቱ ተጣልቶ የሚኮበልለው ሁሉ በሱ ነው። ታዲያ በአምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ግድም ባላምባራስ ጉልላት የሚባሉ ሰው ከጫካው ጥግ መሬት ተሰጣቸውና፣ መንገዱን መሀል ለመሀል የሚቆርጥ የአጥር ምሰሶ አስተከሉ። ሽቦው በሁለተኛው ቅዳሜ ይወጠራል ተባለ።

ይህን የሰማች ለት እህቴ ባዩሽ እህል በአፏ አልዞረም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሦስት ልጆቿን የምታሳድገው ከዚያ ጫካ በምታወርደው እንጨት ነው። በላይኛው በኩል ብትዞር ደርሳ እስክትመለስ ፀሐይ ያዘቀዝቃል። እንጨቷን የሚገዟት ጠላ ጠማቂዎች ደግሞ ረፋድ ላይ አንዴ ምድጃቸውን ካነደዱ ዞር ብለውም አያዩዋት።

በዚህ መሀል አንድ ወሬ መጣ። መንግሥት አገር ላገር የሚያገናኙትን የእግር መንገዶች እየመረጠ በመዝገብ ያሰፍራል አሉ። ከጠላት ወረራ በፊት ይኬድበት የነበረ መሆኑ ከተረጋገጠ ቁጥር ያለው ድንጋይ ይተከልበታል፤ ከዚያ ወዲያ ባላምባራስ ቀርቶ ራስ ቢመጣ አያጥረውም።

«ቦጋለ፣ አንተ እንኳ ተምረሃል» አለችኝ ባዩሽ።

እውነቷን ነው። አራተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምሬያለሁ፤ ከሌላው ሰው እጥፍ ማለት ነው። ወረቀትና ቀለም አምጥቼ ቁጭ አልኩ። ስጀምር ለእውነት ነበር የጀመርኩት። ሦስተኛው መስመር ላይ ግን እጄ ሞቀ። መንገዱ ከጉለሌ እስከ እንጦጦ አናት እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ያለ ነው ብዬ ጻፍኩ። ስድስት በቅሎ ጎን ለጎን ያስኬዳል አልኩ። አንድ ሰው ከላይ ሎሚ ቢለቅ ታች ገበያው መሀል እንደሚቀበሉት፣ እንጦጦ ላይ ያነጠሰ ሰው አፍንጫውን ሳይጠርግ ከጉለሌ «ይማርህ» እንደሚባል ሁሉ ጨመርኩ።

ሳነብላት ባዩሽ ፊቷን አጨማደደች። «ይሄ የኛ መንገድ ነው?»

«ሲጻፍ እንዲህ ነው።»

«እህ» አለችና ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች።

መልሱ ሰኞ ደረሰ። ሐሙስ ጠዋት አቶ ስብሐት የሚባሉ መርማሪ መጥተው መንገዱን «በማመልከቻው በተገለጸው መሠረት» ያያሉ ይላል። በተገለጸው መሠረት! ያቺ ቃል ቂጤን ከመቀመጫ አጣላችው። ቁጭ እልና እነሳለሁ፣ እነሳና ሽቅብ እወጣለሁ፣ ወጥቼ ደግሞ ቁልቁል እሮጣለሁ። መንገዳችን የት ይገኝና ቀጥታ! እንደ ሰካራም ሽንት ነው የሚሄደው። በተለይ ከባላምባራስ ምሰሶ ፈንጠር ብሎ አንድ የተኛ ዝሆን የሚያህል አለት አለ፤ እሱ ጋ ሲደርስ አለቱ ላይ ወጥቶ፣ ዞሮ፣ ተጠማዞ ነው የሚወርደው።

ማክሰኞ ማታ ለባዩሽ ሐሳቤን ነገርኳት። «ሰውየው የሚመጣው ቀጥ ያለ መንገድ ሊያይ ነው። እናቅናዋ!»

«መንገድ ይቀናል እንዴ?»

«ሰው ነው እንጂ የማይቀናው፣ መንገድማ ይቀናል!»

እሷም በመጨረሻ ያመነችው ስለ መቅናቱ አልነበረም። «ለነገሩ እንግዳ ሲመጣ ደጅ ይጠረጋል» ብላ ነው። ሰፈሩም የተስማማው በዚሁ ነው። ለጎረቤት እንግዳ እንኳ ደጅ እየጠረግን ለመንግሥት ሰው ቆሻሻ መንገድ እናሳይ?

ረቡዕ ደቦ ወጣን። ሠላሳ ሰው እንሆናለን፤ እኔ ሳወራው ሦስት መቶ ይሆናል። አለቱን ትተን በጎኑ ቁጥቋጦውን መንጥረን ቀጥ ያለ መንገድ አወጣን። ጠማማውን አሮጌውን፣ እንዳይታይብን፣ በባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ደፈንነው። ሴቶቹ አዲሱን ከላይ እስከ ታች ጠረጉት። ታየች የምትባል ጎረቤታችን ከወንዝ ዳር አንድ ሸክም ቄጤማ አምጥታ ጎዘጎዘችው። ድንጋይ ስናነሳ አንድ ጥንዚዛ ከሥሩ ወጥቶ ቀና ብሎ አየኝ፤ «ለማን ሠርግ ነው?» ያለኝ ይመስለኛል። ብታምኑም ባታምኑም።

ሐሙስ አቶ ስብሐት መጡ። ቀጭን፣ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ጫማቸው ያለቀ ሰው ናቸው፤ መንገድ ሲያዩ የኖሩ እግሮች እንደሆኑ ያስታውቃል። ባላምባራስም በበቅሎ ከነዘበኛቸው ደረሱ። እኛ አጨበጨብን። አቶ ስብሐት ግን አላዩንም። ጎንበስ ብለው ቄጤማውን በእግራቸው ገለጥ አደረጉ፣ አፈሩን ፈተጉት፣ ከዳር የተቆረጠ ሥር አንስተው በጥፍራቸው ጫር አደረጉት። ውሃ አወጣ።

«ይሄ ሥር መቼ ነው የተቆረጠው?»

ሠላሳው ሰው ወደ እኔ ዞረ። እኔ ነኝ መቼም ዝምታ የማይሆንልኝ። «ጌታዬ፣ የዚህ አገር ባሕር ዛፍ ተቆርጦም አሥር ዓመት ያለቅሳል» አልኩ።

ባላምባራስ ከበቅሎአቸው ሊወድቁ ደረሱ በሳቅ። «ትናንት ነው የቆፈሩት! ዘበኛዬ አይቷቸዋል። እኔ ሁልጊዜም የምለው ይሄንኑ ነው፤ እዚህ መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም። ይኸው በገዛ እጃቸው መሰከሩልኝ!»

አቶ ስብሐት ወደ እኔ ዞሩ። «ማመልከቻውን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«እ... ማለቴ...»

«ባለ ሎሚው?»

ጆሮዬ ነደደ። ደብተራቸውን ከደኑት። ባዩሽን አየኋት። ዓይኗ ምሰሶው ላይ ነው። ከዚያ ሰው ሁሉ መሀል ወጣችና ነጠላዋን አደግድጋ ፊታቸው ቆመች።

«ትናንት ነው የቆፈርነው ጌታዬ። አልዋሽዎትም። እንግዳ ይመጣል ብለን ነው። የጥንቱ መንገድ እዚያ ነው፤ ያን ቅርንጫፍ ከደፋንበት።»

«አሁን ደግሞ ሌላ መንገድ ወለዱ!» አሉ ባላምባራስ። «ነገ መንታውን ያመጡልዎታል።»

አቶ ስብሐት ራሳቸውን ነቀነቁ። ቁጣ እንኳ የለባቸውም፤ ቢቆጡ ይሻለን ነበር። «እመቤት፣ አንዴ ቀጥ ያለ ነው ብላችሁ ጽፋችኋል። አሁን ጠማማው ነው ትሉኛላችሁ። ያንንስ ትናንት ላለመቆፈራችሁ ምን ዋስ አለኝ? ከእናንተ ጋር ያልተማከረ ምስክር ከየት ላምጣ?»

እሳቸውም ሊሄዱ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ።

ከላይ በኩል ኮቴ ተሰማ። ሐሙስ የሱሉልታ ገበያተኛ የሚወርድበት ቀን ነው። ደቻሳ የሚባል ሰውዬ ሰባት አህዮች ገብስ ጭኖ እያፏጨ ብቅ አለ። ባለፈው ሐሙስ አልፎ የሄደ ነው፤ የኛን ጉድ ምንም አያውቅም።

አህዮቹ ከአዲሱ መንገድ አፍ ደርሰው ቆሙ። ከዚያ ሰባቱም አንገታቸውን ደፍተው ቄጤማውን መጋጥ ጀመሩ።

«እናንተ!» አለ ደቻሳ ከላይ። «ማን ነው ያገባው? ሳትጠሩኝ?»

ታየች «ወይኔ ቄጤማዬ!» ብላ ልታባርር ስትል አቶ ስብሐት እጃቸውን ዘርግተው ከለከሏት። ባርኔጣቸውን አውልቀው ያያሉ።

መሪዋ፣ አንድ ጆሮዋ የተቀደደ አሮጊት አህያ፣ ጠግባ ቀና አለች። የጠረግነውን መንገድ አየች። ደቻሳ «ሂጂ!» ብሎ በዱላው ጭኗን መታ አደረጋት። አልሄደችም። ደገማት። ጆሮዋን ወደ ኋላ ጣለችና ወደ ጎን ዞራ፣ የደፈንነውን ቅርንጫፍ በደረቷ እየገፋች፣ ሿ... ቋ... እየሰበረች ገባች። ስድስቱ ተከተሏት።

«በየት በኩል ነው የምትሄደው አንተ?» አሉ አቶ ስብሐት።

«እኔ ምን አውቄ ጌታዬ፤ እኔ እሷን ነው የምከተለው» አለ ደቻሳ። «የዚህችን አያት አባቴ ሲነዳት እኔ ጭነቱ ላይ ተቀምጬ ነበር። በዚሁ ነው የወረድነው።»

አቶ ስብሐት አህዮቹን ተከትለው ሮጡ፤ እውነቴን ነው፣ ሮጡ። እኛም ሮጥን። አህዮቹ አለቱ ላይ ወጥተው፣ አንዷ ያነሳችውን ኮቴ ሌላዋ እዚያው እየተካች፣ ሲወርዱ ደረስን። አለቱ ተቦርቡሯል። ኮቴ የረገጠው እንደ ዋንጫ እየጎደጎደ ተሰልፏል። አቶ ስብሐት ተንበርክከው እጃቸውን አንዱ ጎድጓዳ ውስጥ ከተቱ። እስከ አንጓቸው ገባ። እዚያ ላይ እኔ አልጨመርኩም።

«ይሄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «የትናንት ሥራ አይደለም።»

«በአህያ ምስክር መሬቴን ልነጠቅ ነው?» አሉ ባላምባራስ።

«አህያዋ ከማንም ጋር አልተማከረችም።»

«ቄጤማ በልታለች! ጉቦ ነው!»

የገዛ ዘበኛቸው ሳቁ አምልጦት አፉን በኩታው ጠቀጠቀ። አቶ ስብሐት ግን ፍርድ ቤት የቆሙ ይመስል ኮስተር ብለው መለሱ፦ «አዎ፣ በልታለች። በልታ ስታበቃም የሰዎቹን መንገድ ትታባቸው ሄደች። እንዲህ ያለ ምስክር በሃያ ዓመት ሥራዬ አላጋጠመኝም።»

ከዚያ ሁለት አህያ ከነጭነታቸው ጎን ለጎን አስቁመው ስፋቱን ለኩ። ደብተራቸውን ከፈቱ። ማመልከቻዬን ከኪሳቸው አውጥተው አራት ቦታ አጠፉና መለሱልኝ።

«ጀርባው ላይ አዲስ ጻፍ። እሷ የምትለውን ብቻ። አንዲት ቃል ብትጨምር እዚሁ እተወዋለሁ።»

አለቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ባዩሽ ከላዬ ቆማ፣ እያንዳንዱን ቃል እንደ ሸክም እያወረደች ተናገረች። «መንገዱ ጠማማ ነው። አለቱ ጋ ይዞራል። እናቴ ሄዳበታለች። እኔ እሄድበታለሁ።» እጄ በላኝ። ቢያንስ አንድ ነብር ለማስገባት ነፍሴ ተንቆራጠጠች። የእህቴ እግር ግን ወረቀቱ አጠገብ ነው፤ ተረከዟ እንደ አለቱ ተሰነጣጥቋል። የነገረችኝን ጻፍኩ።

«ድንጋዩ ከነቁጥሩ እስኪመጣ አንድ ወር ይፈጃል» አሉ አቶ ስብሐት፣ ትእዛዙን ለባላምባራስ እየሰጡ። «እስከዚያ ሽቦ አይዘረጋም። ምሰሶዎቹም ከመንገዱ ላይ ይነሱ። እናንተም» አሉን ወደኛ ዞረው፣ «የቆፈራችሁትን ድፈኑ።»

ሰፈሩ እልል አለ። ታየች አቶ ስብሐትን ጠላ ካልቀመሱ አይሄዱም ብላ እጃቸውን ያዘች። ባላምባራስ ይግባኝ እንደሚሉ፣ ቤተ መንግሥት ሰው እንዳላቸው፣ ነገሩ በዚህ እንደማይቀር ለበቅሎአቸው ይነግራሉ።

ባዩሽ በጣቷ ፈርማ ቀለሙን በሣር ጠረገችው። «ጌታዬ፣ ታዲያ አሁን መሄድ እችላለሁ?»

«ወዴት?»

«እንጨት ነዋ። ረፍዷል እኮ።»

አቶ ስብሐት አዩዋት፣ ሽቅብም አዩ። «ማን ይከለክልሻል?» አሉ።

«ቆይ እንጂ፣ ደስታሽን እንኳ...» ብዬ ሳልጨርስ ገመዷን ወገቧ ላይ አስራለች። ባላምባራስ በቅሎአቸውን አዙረው ሳይጨርሱ እሷ ምሰሶውን አልፋ፣ ዞር ሳትል፣ ባሕር ዛፉ መሀል ገባች።