ታርቆ የተፈረደበት

በኢተያና በዙሪያዋ ኦቦ ከዲሮ ያላስታረቁት ጠበኛ የለም ይባላል። ድንበር የተጋፋው፣ ከብት የነዳው፣ ደም የተቃባው ሁሉ አንድ ቀን እሳቸው ፊት ተቀምጧል። ዘዴያቸው አንዲት ናት። የባሰውን ጉዳት ያደረሰው ወገን አንገቱን ደፍቶ «ጥፋቱ የኔ ነው» ይላል። «እሱ ጀመረኝ» ማለት የለም። ይህ ከተባለ የተጎዳው ወገን እምቢ የሚልበት ፊት ያጣል፤ ካሳ ይቆረጣል፣ ወይፈን ይታረዳል፣ ነገሩ ይቀበራል። የተቀበረውን መልሶ የሚያነሳ ሰው ታርቆ ከዳ ይባላል፤ ለቀብሩም ሰው አይወጣለትም።

ልጃቸው ኢርሻድ ከጉቱ ጋር የተጣላው ባለፈው መኸር ነው። ኢርሻድ የኮምባይነር ሹፌር ነው፤ ጉቱ ደግሞ እርሻው ከእነሱ እርሻ ጋር የሚዋሰን ጎረቤት። ስንዴው ደርሶ ሰማዩ ሲጠቁር የሁሉም ሰው ልብ ይጠባል። ጉቱ «ተራው የኔ ነው» ብሎ ሽመሉን ይዞ መጣና ማሽኑ ሥር አጎንብሶ ቺንጋ፣ የሞተሩን ቀበቶ፣ የሚያጠብቀውን ኢርሻድን ትከሻው ላይ አንዴ መትቶ ደገመው። ኢርሻድ በእጁ የያዘውን መፍቻ እንደያዘ ዞረ። የጉቱ ቀኝ ክንድ ተሰበረ፤ ቢጠገንም ጣቶቹ እንደ ድሮው መጨበጥ አልቻሉም።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ኢርሻድ አንገቱን ደፋ። ወይፈኑ ታረደ። ስለ ሽመሉ ማንም ትንፍሽ አላለም።

የፖሊሱ ምርመራ አልቆ የክሱ ወረቀት ሲመጣ ኦቦ ከዲሮ ሳቁ። «ወይፈኑንማ በልተን ጨርሰናል፤ መንግሥት ቆዳው ይድረሰኝ ሊል ነው?»

ያልሳቀችው የኢርሻድ ሚስት ፈይሩዛ ናት። አማቷን ለምና፣ ለምና፣ በመጨረሻም አልቅሳ አሰላ ይዛቸው ሄደች፤ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ቢሮ ወዳላት ሩዋይዳ ወደምትባል ጠበቃ። ሩዋይዳ የክሱን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበችና ቀና አለች።

«አባባ፣ ከሳሹ ማን እንደሆነ አይተዋል?»

«ጉቱ ነዋ። እሱ ደግሞ ታርቋል፤ ቅዳሜ ገበያ አብረን ነው የዋልነው።»

«ጉቱ እዚህ ላይ ምስክር ነው። ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ነው። ጉዳቱ ቀላል ቢባል ኖሮ ክሱ በጉቱ አቤቱታ ላይ የሚቆም ስለሆነ፣ ስትታረቁ ባበቃ ነበር። የተከሰሰው ግን በከባድ የአካል ጉዳት ነው። በዚህኛው ዕርቅ ቅጣት ያቀልል እንደሆነ እንጂ ክስ አይዘጋም።»

«ታዲያ ጥፋቱን ያምናል፤ ያመነን ሰው ማን ይጨክንበታል?»

«ካመነ እዚያው ጥፋተኛ ይባላል። ምስክር አይሰማም፣ መከላከያ አይቀርብም። ራሱን ለማዳን ነው ወይ የመታው ብሎ የሚከራከርለት ሰው አይኖርም። ፈይሩዛ እንደነገረችኝ ጉቱ ቀድሞ ሁለቴ በሽመል...»

ኦቦ ከዲሮ ብድግ አሉ። ምራታቸውን ያዩበት ዓይን ሌላ ጊዜ ቢሆን ያስለቅሳት ነበር። «ይሄ ተቀብሯል!»

«ዐቃቤ ሕግ ቆፍሮ አውጥቶታል እኮ፣ አባባ። ግን ያወጣው የኢርሻድን መፍቻ ብቻ ነው። የጉቱ ሽመል እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ቀርቷል።»

«አንቺ ልጅ፣ ለመሆኑ ሥራሽ የሞተ ማስነሳት ነው?»

«የሞተውንስ ተዉት፤ የሚታሰረው በሕይወት ያለው ልጅዎ ነው። የግድ እኔን ያቁሙኝ አልልም። አቅም ከሌለው ፍርድ ቤቱ ተከላካይ ጠበቃ ይሰጠዋል። ብቻ ብቻውን አይቁም።»

«ጠበቃ የሚያቆም የሚክድ ሰው ነው» አሉና ከዘራቸውን አነሱ። ደረጃውን ሲወርዱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ የቆመው ሁሉ እንዲሰማ፣ «የአርሲን ዕርቅ ከዩኒቨርሲቲ የመጣች ልጅ ልታስተምረኝ!» አሉ። ዛሬ በዚያ መንገድ ማለፍ አይወዱም። የተነገራቸው ነገር ግልጽ አማርኛ ነበር፤ እረኛም ይገባዋል። ግን አርባ ዓመት ሙሉ «እሳቸው ያሉት» ሲባልለት የኖረ ሰው ጆሮው ላይ ክብሩ ይቀመጥበታል፤ ከእሳቸው ይልቅ ክብራቸው ሰማ፤ ክብር ደግሞ የሚሰማው ራሱን ብቻ ነው። በዚህ ላይ አብረዋቸው ከሚያስታርቁት አንድም ሰው «ኧረ ተው፣ ከዲሮ» አላላቸውም። «ደግ አደረግህ» አሏቸው እንጂ። አስታራቂ ነን ባዮች ሁሉ! ልጁ የነሱ አልነበረማ።

በቀጠሮው ቀን ዳኛው ክሱን በኦሮምኛ አነበቡ። ኢርሻድ አፉን የፈታበት ቋንቋ ነው፤ ያልገባው ቃል አልነበረም።

«ጠበቃ ማቆም መብትህ ነው። አቅም ከሌለህ መንግሥት ያቆምልሃል።»

«አልፈልግም፣ ክቡር ዳኛ። ታርቀናል።»

«መታረቃችሁ መልካም ነው። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። ክሱ ላይ የተነበበልህን ድርጊት ፈጽመሃል?»

«ፈጽሜያለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ዳኛው ሊጽፉ የነበረውን ተዉትና ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ቆይ እስቲ። የመታኸው ምን ሆነህ ነው? ከዚያ በፊት እሱ ያደረሰብህ ነገር ነበር?»

ኢርሻድ ዞሮ አባቱን አየ። ጥያቄው በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶለታል፤ የቀረው መግባት ብቻ ነው። ኦቦ ከዲሮ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ያለችው ፈይሩዛ ክንዳቸውን ጨበጠች። እሳቸው ግን የልጃቸውን ዓይን ካዩ በኋላ፣ በሽምግልና ላይ ለጠበኛ እንደሚያሳዩት፣ አንገታቸውን ቀስ አድርገው ደፉ።

«ምንም ያደረሰብኝ የለም» አለ ኢርሻድ።

ዳኛው ጻፉ። ሕግ ደንቆሮ አይደለም፤ የነገሩትን ይሰማል። ችግሩ ያልነገሩትን አለመስማቱ ነው፤ የኢተያ ሽማግሌ ደግሞ ነገር የሚያበርደው ባለመናገር ነው።

ከችሎት ሲወጡ ጉቱ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ የታጠፈ ክንዱን ሲያሻሽ አገኙት። ለምስክርነት ተጠርቶ ነው።

«ኧረ ያስገቡኝ፣ ኦቦ ከዲሮ! እዚህ ስቀመጥ ቂጤ ደነዘዘ» አለ እየሳቀ።

«አያስፈልግም ተባለ። ኢርሻድ አመነ።»

«ምን ብሎ አመነ?»

«ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ።»

የጉቱ ሳቅ ከፊቱ ላይ ጠፋ። «በሽመል መምታቴንስ ማን ተናገረ?»

«ማንም።»

«እንዴት ማንም? እኔ ልናገር አይደል የመጣሁት! ቁርኣን አስይዘውኝ ልዋሽ ነበር እንዴ? ወላሂ፣ ቀድሜ የሰነዘርኩት እኔ ነኝ ልል ነው። ሽምግልናው ላይም ልለው ነበር፤ እናንተ ኢርሻድን አንገቱን አስደፍታችሁ ነገሩን ዘጋችሁብኝ። እኔን ማን ጠየቀኝ? ካሳዬን ይዤ አፌን ይዤ ገባሁ። ይኸው እስከዛሬ ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል።»

ኦቦ ከዲሮ አርባ ዓመት ሲያስታርቁ የተበዳዩን ወገን «አንተስ ምን አደረግህ?» ብለው እንዳልጠየቁ፣ ያን ቀን ነው የታወቃቸው።

ቅጣቱ በሌላ ቀጠሮ ተነበበ፤ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ጽኑ እስራት። በማግስቱ ኦቦ ከዲሮ ጉቱን ይዘው የመድኃኒት ቤቱን ደረጃ ወጡ።

«ይግባኝ እንላለን» አሏት ሩዋይዳን፣ ሳይቀመጡ። «ጉቱ ራሱ ይመሰክራል። ፍርዱ ይፍረስ።»

ሩዋይዳ «ነግሬዎት ነበር» ብትላቸው ይሻላቸው ነበር። አላለችም። ወንበር ሳበችላቸው።

«አባባ፣ ራሱ አምኖ ጥፋተኛ የተባለ ሰው፣ ጥፋተኛ አይደለሁም ብሎ ይግባኝ አይልም። መንገዱ ዝግ ነው። የቀረን ቅጣቱ በዝቷል ማለት ብቻ ነው።»

«አንገቴን የደፋሁት እኔ ነኝ በይና ጻፊ! እኔ ነኝ ያስባልኩት!»

«ዳኛው መዝገብ ላይ የሚያገኙት የእርስዎን አንገት ሳይሆን የእሱን ቃል ነው።» ወደ ጉቱ ዞረች። «ያንተን ቃል ቅጣቱን ለማቅለል እንድናቀርበው ልጠይቅ እችላለሁ። ይቀበሉናል ብዬ አልምልም። ግን ተከራካሪው ኢርሻድ ነው። እሱ ራሱ፣ ጉቱ ቀድሞ መትቶኛል በይልኝ፣ ካላለኝ፣ ከኪሴ አውጥቼ አልናገርም።»

ወደ ማረሚያ ቤቱ ሦስቱም አብረው ሄዱ፤ ወደ ጠያቂዎቹ አጥር መጀመሪያ የገቡት ግን አባት ናቸው። ኢርሻድ ፀጉሩን ተላጭቷል፤ ጆሮዎቹ ገና ልጅ ሳለ እንደነበሩት ጎልተው ይታያሉ። ኦቦ ከዲሮ ሁሉንም ነገሩት፤ የተዘጋውንም፣ የቀረውንም።

ኢርሻድ እስከመጨረሻው ሰማቸው። «አላደርገውም፣ አባ።»

«ጉቱ እኮ ፈቅዷል! ደጅ ቆሟል!»

«ጉቱ ይፈቅዳል፤ ጉቱ ደግ ሰው ነው። አጎቶቹስ? ወይፈኑን አብረውን የበሉትስ? እኔ ስፈታ የምመለሰው እዚያው እርሻ ላይ ነው። ታርቆ ከዳ እየተባልኩ ልኑር? ልጆቼስ የከዳተኛ ልጆች ይባሉ?»

«ይበሉ! ምን አባታቸው!»

«አባባ፣ ቀስ ይበሉ» አለ ጠባቂው።

«እንዲህ ብለው አላሳደጉኝም» አለ ኢርሻድ። በድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ነቀፋም የለም። አንድ የተማረውን ነገር በደንብ እንደያዘ ሰው ነው የተናገረው። ኦቦ ከዲሮ ያንን ድምፅ ያውቁታል። የሌላ ሰው ልጆች በዚህ ድምፅ ሲናገሩ «አባትህን ይባርክ» ብለው መርቀዋል። አሁን ግን ጣቶቻቸውን በሽቦው ውስጥ አስገብተው፣ እባክህ ካደኝ፣ ያልኩህን ሁሉ ተወው፣ እያሉ ለመኑት። ጊዜው አልቆ ጠባቂው ትከሻቸውን እስኪነካ ድረስ ለመኑት። ልጁ እጃቸውን በሽቦው በኩል ሳመና ተመለሰ።

ደጅ ጉቱና ሩዋይዳ ቆመው ይጠብቃሉ።

«ፈቀደ?» አለ ጉቱ።

«አልፈቀደም።»

ጉቱ የማይጨበጠውን እጁን በደህናው ይዞ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ። ሩዋይዳ ቦርሳዋን ከፍታ የውክልናውን ወረቀት ለፊርማ አዘጋጀች።

«እንግዲህ ያለውን እጽፋለሁ» አለች። «ከዚህ በፊት ጥፋት የለበትም፤ ታርቋል፣ ካሳ ከፍሏል፤ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉት።»

«ሌላስ?» አሉ ኦቦ ከዲሮ።

«ሌላው እሱ ዘንድ ነው ያለው፣ አባባ» አለችና፣ ልታስፈርመው ወደ ውስጥ ገባች።