ሠላሳ ዘጠኝ ጊጋባይት

መምህሩ ሠላሳ አንድ ዓመት ሂሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እኩዮቻቸው ዳማ መጫወት ሲይዙ፣ እሳቸውን ደግሞ ኮምፒውተር ምስል የሚያወጣበት የግራፊክስ ካርድ ወሬ ያዛቸው። ጌም አይጫወቱ፣ ፊልም አይሠሩ፤ የሚወዱት ግምቱን ነበር። ገና ያልወጣ ካርድ ስንት ሜሞሪ ይኖረዋል፣ ስንት ዋት ይበላል እያሉ፣ ከተባራሪ ፎቶና ከሹክሹክታ ተነሥተው ያሰላሉ። ኢንተርኔት ላይ የዚህ ወሬ ወዳጆች በሚሰባሰቡበት መድረክ «ጠመኔ» በሚል ስም ይጽፋሉ። ባለቤታቸው «ያልተወለደ ልጅ ቁመት የሚለካ ሰው አገባሁ» እያሉ ይስቁባቸዋል።

አንድ ቀን ጠዋት ከፋብሪካ ሾልኮ ወጣ የተባለ የአዲስ ካርድ ሰሌዳ ፎቶ መድረኩ ላይ ተለጠፈ። ፎቶው ድብዝዝ ያለ ነው። መምህሩ የሜሞሪ ቺፖቹ የሚቀመጡባቸውን ጥቋቁር ቦታዎች በእርሳስ ጫፍ እየጠቆሙ ቆጠሩ፤ አሥራ ሦስት ሆኑ። እያንዳንዱ ሦስት ጊጋባይት ቢይዝ ሠላሳ ዘጠኝ መሆኑ ነው። «በእኔ ግምት ሠላሳ ዘጠኝ» ብለው ጻፉና ወደ ቁርሳቸው ሄዱ።

በልተው ተመልሰው ገጹን ወደ ላይ ሲገፉት፣ አሥራ ሁለቱ ነጥቦች ከፎቶው ጋር ሄዱ፤ አሥራ ሦስተኛው ግን ስክሪኑ ላይ ባለበት ቀረ። በጥፍራቸው ፋቅ ሲያደርጉት ተነሣ። የዝንብ ኩስ ነበር።

ወዲያው «ተሳስቻለሁ፣ አሥራ ሁለት ናቸው» ብለው ከሥር ጻፉ። ዳሩ ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እርማቱን ሁለት ሰው አነበበው። ግምቱን ግን አንዱ ለአንዱ ሲያቀብል፣ «በእኔ ግምት» የምትለዋ መንገድ ላይ ወድቃ ቀረች። በሦስተኛው ቀን «ከታማኝ የውስጥ ምንጭ እንደተረጋገጠው» የሚል ካባ ደርቦ መጣ። መምህሩ አንብበው ሳቁ። አንድ ነገር መጻፍ እንደሚገባቸው ቢያውቁም «ወሬ አይደል፣ ራሱ ይሞታል» ብለው ተዉት።

ሦስት ሳምንት አልፎ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የእህታቸው ልጅ መጣች። ሥራዋ ገና ያልተገነቡ ሕንፃዎችን በኮምፒውተር ሠርታ፣ ሰው ገብቶ የሚዞርባቸው እስኪመስል ድረስ በፊልም ማሳየት ነው። ያን ሰሞን የያዘችው የአንድ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ነበር፤ ፊልሙን አይቶ ይሠራ አይሠራ የሚለውን የሚወስነው ኮሚቴ ከሰባት ሳምንት በኋላ ይሰበሰባል።

«ጋሼ፣ የምሥራች ይዤልዎት መጣሁ!» አለች ገና ሳትቀመጥ። «ቢሮው ባለ ሃያ አራት ጊጋባይቱን ካርድ ሊገዛልኝ ነበር አይደል? ተዉት፣ እጠብቃለሁ ብዬ ጻፍኩላቸው። የእኔ ሥራ ሠላሳ አምስት ጊጋባይት ይፈልጋል። የፊታችን ወር የሚወጣው ደግሞ ሠላሳ ዘጠኝ ነው። ተረጋግጧል!»

መምህሩ የያዙትን ብርጭቆ አስቀመጡ። «ማን አረጋገጠው?»

«አራት ቦታ አንብቤያለሁ።»

«ልጄ… አራቱም እኔ ነኝ።»

ቀልድ መስሏት ሳቀች። ከፎቶው ጀምረው እስከ ዝንቧ፣ እያንዳንዱ ቺፕ ሦስት ይይዛል ማለታቸውም ባዶ ግምት እንደነበር ሲነግሯት ግን ሳቋ ቀስ በቀስ ከፊቷ ጠፋ።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ እያወቁ ዝም አሉ?»

መምህሩ «ዝም አልኩ» አሉ። «ሰው ሁሉ ቁጥሬን ተቀብሎ ሲያወራው፣ ስህተት መሆኑን እያወቅሁም ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር መሰለኝ።»

በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ የነበሩት ባለቤታቸው «በል እንግዲህ፣ ያበላሸኸውን አቅና» አሏቸው።

እዚያው ተቀምጠው ጻፉ፤ «የሠላሳ ዘጠኙ ምንጭ እኔ ነኝ፤ የእኔ ምንጭ ደግሞ ዝንብ ናት።» መልሱ ወዲያው መጣ። አንዱ «ጠመኔ ቀንቶ ነው» አለ። ሌላው «አራት ምንጭ ባለበት አንድ ሽማግሌ ማን ይሰማል?» ሲል ጻፈ። ልጅቱ በትከሻቸው በኩል እያነበበች፣ ብትቆጣም ሳቅ አመለጣት።

«ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል» አለች። «ለካ ዶሮዋ እኔ ነኝ።»

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብታ እጠብቃለሁ ያለችበትን ደብዳቤ ሻረች። አለቃዋ «አንዴ ግዙ፣ አንዴ ተዉ» እያለ ቢያጉረመርምም፣ ባለ ሃያ አራቱ ካርድ በሳምንቱ ተገዛ። የቀረው ሠላሳ አምስቱን ሃያ አራት ውስጥ ማስገባት ነው። መምህሩ ባለ ካሬ ደብተራቸውን ይዘው በየቀኑ ከሰዓት ቢሮዋ ይመጡ ጀመር። ሥዕል አያውቁም፤ ማባዛት ግን ያውቃሉ። በሩን፣ ወንበሩን፣ ግድግዳውን አንድ በአንድ እያስጠሯት፣ የትኛው ስንት ሜሞሪ እንደሚበላ መዘገቡ። በሦስተኛው ቀን እርሳሳቸው አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ብርድ ልብስ። ስድሳ አልጋ አለ፣ ለስድሳውም የተለያየ ብርድ ልብስ ሥያለሁ። አንዱ ላይ ዓሣ፣ አንዱ ላይ ባቡር…»

«እያንዳንዱ ሥዕል ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ሜጋባይት ነው። ስድሳው አሥራ አምስት ጊጋባይት በላ እኮ! አንድ ዓይነት አድርጊያቸውና ተገላገይ።»

«እሱስ አይሆንም።»

«ለምን?»

«ትንሽ ልጅ ሆኜ ሆስፒታል ተኝቼ አልነበር? አልጋው ሁሉ ነጭ ነው። ከመታጠቢያ ቤት ስመለስ የእኔ የትኛው እንደሆነ እየጠፋኝ፣ መሃል ላይ ቆሜ አለቅስ ነበር።»

መምህሩ ይህን አያውቁም ነበር። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው አልጋዎቹን አንድ በአንድ አዩ።

«እሺ፣ ዓሣውም ባቡሩም ይቆይ» አሉ። «ግን ካሜራሽ ከአልጋዎቹ ራቅ ብሎ በኮሪደሩ ነው የሚያልፈው። የክሩን ሽመና ከዚያ ሆኖ ማን ያየዋል? የሥዕሉን ወርዱንም ቁመቱንም ለአራት አካፍይው። አንድ አሥራ ስድስተኛ ይሆናል።»

አካፈለችው። አሥራ አምስቱ ጊጋባይት ከአንድ በታች ወረደ፤ ጠቅላላው ሃያ አንድ ሆነ። ፊልሙን ስታስነሣው ኮሪደሩ ተከፈተ፣ አልጋዎቹም በየቀለማቸው አለፉ። ሁለቱም ሁለት ጊዜ ደግመው አዩት። ኮሚቴው በተሰበሰበ ጊዜ ስለ መስኮቶቹ ብዛት ብዙ ተከራክሮ፣ በመጨረሻ ይሠራ ብሎ ወሰነ።

የተወራለት ካርድ በወሩ ቀርቶ ከአራት ወር በኋላ ወጣ። ሜሞሪው ሃያ አራት ነበር፤ አሥራ ሁለት ቺፕ፣ እያንዳንዱ ሁለት ጊጋባይት። መድረኩ ላይ ግን «ሠላሳ ዘጠኝ ነበር፤ በመጨረሻው ሰዓት ቀነሱት» የሚሉ በዝተው ነበር። መምህሩ ባለቤታቸውን ጠርተው አሳዩአቸው፤ ባለቤታቸው ሳቅ አላቆም ብሏቸው ወንበር ሳቡ።

በዚያው ሳምንት አንድ የማያውቁት ሰው ጻፈላቸው፤ «ጠመኔ፣ የሚቀጥለው ትውልድ አርባ ስምንት ይሆናል ይባላል። ልጠብቅ ወይስ አሁን ልግዛ?»

መምህሩ እንደ ልማዳቸው ደብተር ገለጡ። ከዚያ ከደኑትና «ምን ልትሠራበት ነው?» ብለው ጠየቁት።

መልሱ እስኪመጣ ድረስ ተቀምጠው ጠበቁ። ሰውዬው መልሶ የጻፈው ረዥም ነበር፤ የሚሠራውን አንድ በአንድ አስረድቶ ነበር። መምህሩ መነጽራቸውን አስተካክለው ከመጀመሪያው መስመር ጀምረው ማንበብ ያዙ።