አምስት ጣቢያ፣ አንድ አልጋ

የኃይል ማመንጫ ሠራተኞች «ጋሼ ቢሆንስ» የሚሉት ገምጋሚ የአምስተኛውን ጣቢያ ቅጽ ይዞ ወደ ቢሮው ሲመለስ ዓመቱ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ጥያቄው ሁሉ «እንዲህ ቢሆንስ?» ስለሆነ ነው፤ እንዲህም ብለው ከኋላው ይስቁበታል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ጣቢያዎቹን የሚያዙት ኮምፒውተሮች ዓመትን የሚጽፉት በሁለት አሃዝ ብቻ ነው። በመጪው አዲስ ዓመት ሁለቱም አሃዝ ዜሮ የሆነ ዕለት ዘመኑ መቶ ዓመት ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስላቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚያደርጉ እግዜር ይወቅ። ገምጋሚው የተላከው ጣቢያዎቹ ለዚያ ቀን መዘጋጀታቸውን አይቶ እንዲፈርም ነበር።

ሁሉም ጋ በፈገግታ ነው የተቀበሉት። አንደኛው ጣቢያ ኮምፒውተሩን በለስላሳ ጨርቅ አስወልውሎ ጠበቀው፤ ዝግጅት ማለት ይኼ መስሎት። ሌላው የኮምፒውተሩን ቀን ወደፊት አዙሮ ሞክሯል። ተርባይኑ ቀጥ አለ። ቅጹ ላይ ግን «ሙከራው በሰላም ተጠናቋል» ይላል። እንዴት ነው ነገሩ ብሎ ሲጠይቅ፣ ማንም ሰው አልተጎዳም እኮ አሉት።

አንጀቱን የቆረጠው ግን አራተኛው ገጽ ነው። የቆመ ጣቢያ ከውጭ ትንሽ ኃይል ካላገኘ በራሱ አይነሳም። ቅጹም «ብትቆሙ ማስነሻ ኃይል ከማን ታገኛላችሁ?» ይላል። አንደኛው ጣቢያ ከሁለተኛው ብሏል፣ ሁለተኛው ከሦስተኛው። እንዲህ እንዲህ እያለ አምስተኛው ከአንደኛው ብሎ አረፈው። ሁሉም ለጎረቤቱ ስልክ ደውሎ «አይዞህ፣ እኛ አለንልህ» ተብሏል። ገምጋሚው ቅጾቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በጣቱ ተከተላቸው፤ ጣቱ ዞሮ ዞሮ የተነሳበት ላይ ቆመ። እንደገና ሞከረ። ያው ነው።

ቤት ደግሞ ታላቅ እህቱ አለች፤ እናት ሆና ያሳደገችው። ሳንባዋ ከደከመ ወዲህ የምትተነፍሰው ሶኬት ላይ በተሰካ የኦክስጅን ማሽን ነው። ባትሪው አርባ ደቂቃ ይይዛል፤ ከዚያ ወዲያ የለም። ሆስፒታሉ በእጅ የሚነሳ ጄኔሬተር አለው። ነገር ግን እሷን ጨምሮ በማሽን የሚተነፍሱትን ሠላሳ አንድ የከተማዋን ሕመምተኞች ለማስተኛት «ጣቢያዎቹ ዝግጁ አይደሉም» የሚል የተፈረመ ወረቀት ይፈልጋል። የሕመምተኞቹን ስም ከነስልክ ቁጥራቸው ለገምጋሚው ሰጥቶታል።

ስለዚህ «ዝግጁ አይደሉም» ብሎ ጻፈና ለአለቃው አቀረበ።

አለቃው አነበበ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ይኼ ወረቀት ከወጣ አገር ምድሩ ይሸበራል አለ፤ ሻማ ለመግዛት ሲጋፋ ሰው ይረጋገጣል አለ። ገምጋሚው አንገቱን ደፍቶ ሰማ፤ ወረቀቱን ግን አላነሳም። ያኔ አለቃው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ወንድሜ፣ የእህትህን ነገር ሰምቻለሁ። ሆስፒታል አንዲት አልጋ ለምኜ አግኝቻለሁ። ዛሬውኑ አስገባት። አንተ ብቻ ዝግጁ ናቸው በል።»

«ሠላሳዎቹስ?»

«መብራት ካልጠፋ ምን ይሆናሉ?»

«ቢጠፋስ?»

አለቃው ሊስቅ ፈልጎ ተወው። «አንተ ባትፈርም ሌላው ይፈርማል። አልጋዋ ግን ትሄዳለች።»

ገምጋሚው እጄ እምቢ ይለኛል ብሎ ጠብቆ ነበር። እጁ ምንም አላለም፤ «ዝግጁ ናቸው» በሚለው ላይ እንደ ሁልጊዜው አሳምሮ ፈረመ።

ቤት ሲደርስ እህቱ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ማሽኑ ከጎኗ እፍ ይላል፣ ያርፋል፣ እፍ ይላል። ልብሷን ቦርሳ ውስጥ እየከተተ ጣቢያዎቹ ሁሉ ዝግጁ መሆናቸውን ነገራት።

«እሰይ» አለች። ትንፋሿን ሰበሰበች። «ታዲያ እኔን ወዴት ነው?»

«ሆስፒታል፣ እትዬ። ለጥንቃቄ ነው።»

«ዝግጁ ከሆኑ የምን ጥንቃቄ?»

ካልሲ አጣጠፈ። ያጣጠፈውን ዘርግቶ እንደገና አጣጠፈ። እሷም አየችው፤ ልጅ ሆኖ ሲዋሽ ታየው እንደነበረው።

ከዚያ ስልኩን ወደ ጭኗ ሳበች። ማዶ ሰፈር፣ እንደ እሷ በማሽን የምትተነፍስ አንዲት ልብስ ሰፊ አለች፤ የተዋወቁት ሆስፒታል ወረፋ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት «አደርሽ?» ይባባላሉ። ቁጥሩን በቃሏ መታችው። ሲነሳ እሷ ሰላም አላለችም፤ እጀታውን ወደ ወንድሟ ዘረጋች።

«አንተው ንገራት» አለች። «እኔ ትንፋሽ የለኝም።»

ተቀበላት። ከማዶ ሌላ ማሽን እፍ ሲል ይሰማል፤ ቀጥሎ «አቤት፣ ማን ልበል?» የሚል የሴት ድምፅ። ገምጋሚው አፉን ከፈተ። ቅጹ ላይ የፈረመውን ሊላት ነበር። ዓይኑ የእህቱ ዓይን ላይ አረፈ።

«ጣቢያዎቹ ዝግጁ አይደሉም» አላት። «እኔ ነኝ ናቸው ብዬ የፈረምኩት። እስክሪብቶ ይያዙ፣ እንዲደውሉላቸው የሌሎቹንም ሕመምተኞች ቁጥር ልስጥዎት።»