ግማሹ የተላጨ ፊት

አባቱ አልጋ ላይ ሆነው የመጨረሻ ትእዛዛቸውን ሰጡ። «ጺሜን ላጨኝ። እንዲህ ተንጨባርሬ አልሞትም።»

ልጅየው ፀጉር ቆራጭ ነው፤ አባትየውም ዕድሜ ልካቸውን ፀጉር ቆራጭ ነበሩ። ምላጭ አያያዝ ያስተማሩት፣ ሱቁንም ያወረሱት እሳቸው ናቸው። እሱ ደግሞ ሱቁን ከነደንበኛው ጠጣው። መጀመሪያ ማታ ማታ ነበር። ኋላ እጁ ጠዋት ጠዋት መንቀጥቀጥ ሲጀምር «ለማረጋጊያ» እያለ ከሥራ በፊት አንድ መለኪያ መገልበጥ ለመደ። እውነት ለመናገር፣ እጁ ይረጋ ነበር። ከዚያ አንዱ መለኪያ አልበቃ አለ፤ ምላጩም አንድ ቀን የደንበኛ ጆሮ አገኘ። ሚስቱ ልጆቿን ይዛ እናቷ ቤት የገባችው በዚያው ሰሞን ነው።

አንድ ጠዋት፣ መጠጥ ቤቶቹ ገና ሳይከፈቱ፣ ምላጮቹን ከተዘፈዘፉበት አልኮል አውጥቶ ፎጣ ላይ ደረደረና አልኮሉን ጨለጠው። እያስመለሰው ራሱን በመስተዋቱ አየ። ጉሮሮው እየተቃጠለ መንገዱን ተሻግሮ ቤተ ክርስቲያን ገባና ወለሉ ላይ ተንበረከከ። «እኔ አልችልም፤ ያዘኝ» ብቻ ወጣው። ዕድሜ ልኩን ላይጠጣ ሊምል ሲል ቄሱ ከለከሉት። «መሐላህን ጠርሙሱ ጠግቦታል» አሉት። «ዛሬን ብቻ ለምነህ ሂድ። ነገ ደግሞ መጥተህ ዛሬን ትለምናለህ።»

እንደዚያ እያለ ከረመ። አፉ ዳነ፤ እጁ ግን አልዳነም። ስለ እጁ ያልለመነበት ቀን የለም፤ እግዜር ግን አንድም ቃል አልመለሰለትም። የቀሩትን ጥቂት ደንበኞች በማሽን ያስተናግዳል።

«በማሽን ላድርግልዎ፣ አባባ?»

«በማሽን የሚሸለት በግ ነው።»

አረፋውን መታ፤ ጉንጫቸውን ቀባ፤ ምላጩን አነሳ። እጁ እንደ ቅጠል ተርገፈገፈ። አባትየው ዓይናቸውን ገልጠው ትንሽ አዩት።

«ስጪው» አሉ ለሴት ልጃቸው።

ታላቅ እህቱ ለእንግዳ የተቀመጠውን ጠርሙስ ከቁም ሳጥን አወጣች። መለኪያውን ሞልታ መስኮቱ ደፍ ላይ አኖረችለት።

«እትዬ፣ አንሺልኝ።»

«መድኃኒት ነው በለው። ለራስህ መሰለህ? ለሳቸው ነው። እግዚአብሔር አባትህን አክብር አላለም?»

«ብሏል።»

«እና?»

ሽታው አፍንጫው ውስጥ ገብቶ ምራቁን አመጣው። በልቡ «ጌታዬ፣ ይችን ዛሬን ብቻ» አለና ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጠ።

ቀኝ ጉንጫቸውን ላጨ። ሁለት ሦስት ቦታ ቆረጣቸው።

«አረድከኝ እኮ! ሰክረህ ስትላጨኝ ይሻል ነበር» አሉ፤ ቀልድ ይሁን ምሬት አልለየለትም። አገጫቸው ላይ ሲደርስ ግን እጁን ገፉት። «በቃ። ለእኔ ብለህ አንዲት መለኪያ ከከበደችህ ሂድ ከፊቴ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከሰዓት በኋላ እንደዞሩ አረፉ። የቀረውን ልጨርስ ቢል እህቱ ምላጩን ከእጁ ነጠቀችው። «በቁማቸው ያላከበርካቸውን!»

እንደዚያው፣ ግማሹ የተላጨ፣ ግማሹ ሽበት የለበሰ ፊት ይዘው ሳጥን ገቡ። ሳጥኑ ሳይዘጋ ሊሰናበት የመጣ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ቁስሉን አየ፤ ቀና ብሎ ደግሞ የልጁን እጅ አየ።

«የአባቱን ሞት እንኳ ሳይጠጣ አይቀበልም?» አለ አጎቱ፣ ሆን ብሎ እንዲሰማው።

«ቤተ ክርስቲያን ይመላለሳል ሲባል አልነበር?» አለች አንዲት ጎረቤት። «ጉድ እኮ ነው!»

እህቱ እዚያው ቆማለች። መለኪያውን የሞላችው እሷ፣ እንዳልተነካ የምታውቀውም እሷ ብቻ ናት። መሬት መሬቱን አየች። እሱም አፉን አልከፈተም፤ ከሰካራም አፍ «አልጠጣሁም» ሲወጣ ማን ያምናል?

ከቀብር ተመልሰው ለቀስተኛው ሲበተን ወደ አባቱ ክፍል ገባ። መለኪያው እንደሞላ መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጧል፤ ዝንብ ገብቶበታል። እንዲህ ያለ ፈተና ገጥሞት አያውቅም። ቢጠጣው ምን ይጎድልበታል? አባቱ እንደተቀየሙት ሄደዋል። ሰው ሁሉ ጠጥቷል ብሎ ፈርዷል፤ ቅጣቱን ተቀብሎ ጥፋቱን መተው ጅልነት መሰለው። ዝንቡን በጣቱ አወጣው። ጣቱን ሊልስ ምንም አልቀረው።

ተንበረከከ። «ያዘኝ» አለ። እጁ እንደ ወትሮው ይንቀጠቀጣል፤ ከላይ ወርዶ የያዘው የለም።

ቀና ሲል እህቱ በሩ ላይ ቆማለች።

«እትዬ፣ አንቺ ድፊው። እኔ ካነሳሁት ወደ አፌ ነው የሚሄደው።»

«ቅድም ዝም ያልኩት…» አለችና አልጨረሰችውም።

«አውቃለሁ። አሁን ድፊው።»

መለኪያውን አንስታ ወጣች። ቧንቧው ሲንሿሿ ሰማ። ስትመለስ ይቅርታ አልጠየቀችውም፤ እሱም አልጠበቀም። እርጥብ ፎጣ ይዛ አጠገቡ ተቀመጠችና ጣቱን ጠረገችለት። ጨርሳም እጁን አልለቀቀችውም፤ መንቀጥቀጡ ወደ ክንዷ ሲያልፍ ይታያል።

«ነገስ?» አለችው።

«ነገን አልለመንኩም።»