ሦስት ጊዜ የሚጠየቅ ጥያቄ

ጨርቁ ከመሰቀሉ በፊት የመላቲ ሰፈር አርባ ሁለት ቤት፣ አንድ መስጊድና በመስጊዱ ጓሮ ግድግዳ ላይ የተደገፈ አንድ የቀርከሃ ቃሬዛ ነበረው። ቃሬዛው የሁሉም ነው። ሰው ሲሞት አራት ወንዶች ይሸከሙታል፤ ሌላው እየተቀባበለ ይከተላል። አስከሬኑ ከግቢ ከመውጣቱ በፊት ግን ሬሳ የሚያጥቡትና የሚያስቀብሩት ሽማግሌ፣ ሞዲን ስላመት፣ ለቀስተኛውን ሦስት ጊዜ ይጠይቃሉ፦ «ይህ ሰው ጥሩ ነበር?» ሰፈሩም ሦስት ጊዜ «ጥሩ ነበር» ብሎ ይመልሳል። ለዶሮ ሌባው ለሳርኮኒ እንኳ ተብሎለታል፤ ያውም ዶሮ በተሰረቀባቸው ሰዎች አፍ።

ጨርቁ የተሰቀለው ዝናብ በጀመረበት ሰሞን፣ አርብ ጠዋት ነው። በሰፈሩ መግቢያ ላይ በሁለት የመብራት ምሰሶዎች መካከል ተወጥሮ፣ በቀይ ቀለም «ይህ ሰፈር ሊበራሎችን አይቀበልም» ይላል። የፊዚክስ መምህሩ ዊዳግዶ ሞተር ሳይክሉን አቁሞ ሁለት ጊዜ አነበበው። «አይቀበልም» የሚለው ገባው። የቀረውን ለማጣራት ቴምፔ የተባለውን የአኩሪ አተር ጥፍጥፍ ጠብሳ ወደምትሸጠው ወደ ጊያርቲ ሄደ።

«እትዬ ጊያርቲ፣ ሊበራል ማለት ምን ማለት ነው?»

«እኔን ይጠይቁኛል? መምህሩ እርስዎ አይደሉ እንዴ?» ቴምፔውን በዘይቱ ውስጥ ገለበጠች። «ሴት ልጁን ልጓም ፈትቶ የሚለቅ ነው አሉ። የእርስዎ ልጅ ላራስ ከተማ ብቻዋን አይደል የምትኖረው?» ፊቱን አይታ ሳቀች። «ቀልዴን ነው።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ለጋሽ ኩስናን ነው የተሰቀለው። ለዚያ ለጓሮው ነገር።»

ኩስናን የዊዳግዶ የግድግዳ ጎረቤት፣ ጡረታ የወጡ የባቡር መካኒክ ናቸው። ከወንዙ ማዶ ያሉት ክርስቲያኖች ለቤተ ክርስቲያናቸው ፈቃድ ሲከለከሉ፣ እሳቸው በየእሁዱ ጓሯቸውን ለጸሎት ይለቁላቸው ጀመር። ራሳቸው ሶላት አጉድለው አያውቁም።

ከጁምዓ በኋላ ዊዳግዶ አዲሱን ወጣት ኡስታዝ ፋክሩልን ጠየቀው። ኡስታዙ የመምህሩን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

«ከፈጣሪ ቃል የራሱን ጭንቅላት የሚያስቀድም ነው መምህር። እኛ ማንንም አናስገድድም። ጋሽ ኩስናን ታመዋል፤ አላህ ያሽራቸው። ቀናቸው የደረሰ ዕለት ማን እንደሚመሰክርላቸው እንሰማለን። መስማት ብቻ ነው።» እጁን ሳይለቅ ፈገግ አለ። «እናትዎ እንዴት ሆኑ?»

እናቱ ሳሚራህ አልጋ ላይ ከዋሉ ሁለተኛ ዓመታቸው ነበር። የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲሞቱ በመኪና ሳይሆን በሰፈሩ ሰው ትከሻ መሄድ። ባላቸውም የሄዱት እንደዚያ ነው።

በዚያ ሳምንት ከየድግሱ ለየቤቱ የሚታደለው የሩዝ ሳጥን የኩስናንን በር ማለፍ ጀመረ። ቀጥሎ በራቸው ላይ በኖራ መስቀለኛ ምልክት ተሰመረ። ዊዳግዶ ሊጠይቃቸው ሲገባ አዛውንቱ በሳል መካከል «ሩዛቸውስ ይቅርብኝ፣ ጨው ይበዛበት ነበር» አሉት። ዓይናቸው ግን ከበሩ አልተነሳም።

ማታ ሕግ ለምታጠናው ልጁ ደወለ።

«አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው?» አለች ላራስ። «ሊበራል ማለት፣ ሌላው ሰው በግቢውና በእምነቱ የሚያደርገውን ነገር ማንንም እስካልጎዳ ድረስ ባይወደውም የማይከለክል ነው።»

«ባይወደውም?»

«ዋናው እሱ አይደል? የሚወደውንማ ማን ይከለክላል።»

ዊዳግዶ ሦስቱን ትርጉም ተማሪ እንደሚፈትን አንድ በአንድ ራሱ ላይ ሞከረ። ልጁን ልጓም ፈትቶ አልለቀቀም፤ በየማታው ትደውላለች። ጭንቅላቱን ከፈጣሪ ቃል አላስቀደመም። ጓሮውን ለክርስቲያኖች ይሰጥ ነበር? አይሰጥም። የእሁዱ መዝሙር እንኳ ያናድደው ነበር፤ መስኮት ይዘጋል። ኩስናንን ግን ይከለክላቸው ነበር? የሚከለክልበት ምክንያት ፈለገ፤ አላገኘም። በማግስቱም ፈለገ። ምክንያት ማጣት እንደዚህ አስፈርቶት አያውቅም።

ኩስናን ማክሰኞ ሞቱ።

«ሄደህ ቁም፤ ነውር ነው መቅረት» አሉ ሳሚራህ። «አፍህን ግን ያዝ። አንተ ብቻህን አትሸከመኝም።»

«ጥሩ ሰው አልነበሩም እንዴ እማዬ?»

«ጣሪያችንን ማን የጠገነው ሆነና! እኔ እሱን መች ጠየቅሁህ?»

ግቢው ሞልቶ ነበር። ኡስታዙ ከበሩ አጠገብ፣ የሁሉም ፊት በሚታየው ቦታ ቆሟል። ሞዲን ስላመት ጉሮሯቸውን ጠርገው ጠየቁ፤ «ይህ ሰው ጥሩ ነበር?»

የጣሪያው ጠፈጠፍ ይሰማ ነበር። ሰዎች ጫማቸውን ያያሉ።

«ይህ ሰው ጥሩ ነበር?»

ጊያርቲ ከሴቶቹ መሃል ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ ድምፅ አልወጣም። ዊዳግዶ ከግድግዳው ወዲያ የእናቱ መስኮት ክፍት እንደሆነ አስታወሰ። ሽማግሌው የመጨረሻውን ከመጠየቃቸው በፊት በቦታቸው ከልማዳቸው በላይ ቆዩ፤ የሚጠብቁት ሰው ያለ ይመስል ነበር።

«ይህ ሰው ጥሩ ነበር?»

«ጥሩ ነበር» አለ ዊዳግዶ።

ድምፁ ቀጭን ሆኖ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። የተከተለው የለም። ኡስታዙ ዞር ብሎ አየውና አንገቱን በትሕትና ዝቅ አደረገ። «እናመሰግናለን መምህር» አለ።

ቤት ሲገባ እናቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር። «ሰማሁህ» አሉ። በዚያው ሳምንት የሩዝ ሳጥኑ የእነሱንም በር አለፈ። ምልክቱ የተሰመረው ሰኞ ነው። ዊዳግዶ አላጠፋውም።

ሳሚራህ የሞቱት በበጋው አጋማሽ ነው። ሞዲን ስላመት ሦስቱንም ጊዜ ጠየቁ፤ ሦስቱንም ጊዜ መልስ ተሰማ። ከወንዙ ማዶ የመጡትን ሁለት ክርስቲያኖችና ዊዳግዶን ጨምሮ ወንዱ ሰባት ነበር። ቃሬዛው አራት ሰው ይፈልጋል፤ ለመቀባበል ሦስት ይቀራሉ፤ መቃብሩ ስምንት መቶ ሜትር ይርቃል።